ሰባተኛው መስመር

ቅጹ አንድ ገጽ ነው፣ ማኅተም ያረፈበት፣
«የጀልባ አደጋ ሪፖርት» ከላይ የታተመበት።
አስራ አንድ መስመር አለው፣ አስራ አንድ ጥያቄ፤
አስሩን እንደ ደንቡ ሞላሁ፣ አንብቤና አውቄ።
ሰባተኛው ጋ ስደርስ ብዕሬ ትቆማለች፣
ድልድይ እንዳየች በቅሎ እግሯን ተክላ ትለግማለች።

ከደልጊ ነው የተነሳችው፣ ሽንኩርትና ሰው ጭና፣
ሐምሌ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት፤ ሰማዩ ሳይከፋ ገና።
ለአስራ ሁለት ሰው የተሠራች፣ ሃያ ሦስት ተሳፍሮባት፣
ከማንዳባ ፊት ለፊት ነፋስ በጎን መጣባት።
(ስንት ሰው ጫነች የሚል መስመር ቅጹ ውስጥ የለም፤
ያልተጠየቅሁትን አልሞላሁም።)

ብዙዎቹን ታንኳ ለቀማቸው።
አዛናው፣ የጀልባዋ ዘዋሪ፣ ሰባት ጊዜ ጠለቀ፤
ስድስቴ ሰው ይዞ ወጣ፣
በሰባተኛው አንድ ጫማ፣ የተማሪ ጫማ፣ ይዞ መጣ።
የሽንኩርት ነጋዴዋ ጥሩዬ በማግስቱ ተገኘች።
የጫማው ባለቤት ግን፣ እስከ ዛሬ።

እኔ ዓሣ ልገዛ ወርጄ ነበር ጎርጎራ ወደብ ድረስ፤
ከውሃው ሲወጣ አየሁት፣ ጥርሱ ሲጋጭ፣ ጉልበቱ ሲፈርስ።
ሮጥሁ ወደ ስንዱ ቤት። አንድ መለኪያ አረቄ፣
በሁለት እጄ ይዤ መጣሁ፣ እንዳይፈስ ተጠንቅቄ።
«ጠጣ፣ ያሞቅሃል» አልሁት።
እንደማያሞቅ አውቃለሁ፤
የተማርሁት ነው፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ።
ግን ሰው ፊትህ ሲንቀጠቀጥ ትምህርት ወዴት ይደርሳል?
እጅ ቀድሞ ይሮጣል፤ አእምሮ ቆይቶ ይመለሳል።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ተቆጣጣሪው ነው፦
«ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደሙ ይወሰድ። ተረኛው አንተ ነህ።»
ክንዱን በአልኮል አልጠረግሁም፤ ለዚህ ምርመራ ክልክል ነው፤
በሳሙናና በውሃ ነው።
ውሃው ቆዳውን ሲነካው አዛናው ዘለለ ደንግጦ፤
መርፌውን ግን ዝም ብሎ አየው፣ እንደ ሌላ ሰው ክንድ፣ አፍጥጦ።

ናሙናው በበረዶ ሣጥን ጎንደር ሄደ፣ ሆስፒታል፤
በዘጠነኛው ቀን መልሱ መጣ፦ «አልኮል ተገኝቷል።»
ቁጥሩ ትንሽ ነው። ትንሽም ለወሬ ይበቃል፤
ከጎርጎራ እስከ ቆላድባ «ሰክሮ ነው» ተብሏል።
ሚስቱን ወፍጮ ቤት ተራዋን ነሷት ሰዎች።
የልጁ እናት መጣች ትናንት፣ በሩ ላይ ቆመች፣
ያቺን አንድ ጫማ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ነበረች።
«ጠጥቶ ነው ወይ?» አለችኝ። «አንተ ደሙን ያየህ።»

ምን ልበላት? እውነቱን እኔም አላውቀው።
ሞተሯን ሳያስነሳ ቀምሶ ይሆን? አፉን ያሸተትሁት
ከእኔ መለኪያ በኋላ ነው፤
ማስረጃውን ያበላሸሁት እኔው ነኝ፣ ያውም ላሞቀው።

ሰባተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦
«ከአደጋው በኋላ፣ ናሙናው ሳይወሰድ፣
ተመርማሪው የጠጣው አለ? ካለ፣ ማን ሰጠው?»
ለመልሱ የተተወው ቦታ ሁለት ጣት አይሞላም።
ኃላፊያችን አቶ ፈንታ በትከሻዬ አሻግሮ አይቶ፣
«ባዶ ተወው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሩን ዘግቶ፤
«ባዶ ቦታ አይከሰስም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
አዛናው ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ስንቅ ይገባለታል፣ ሳይነካ ይመለሳል።
ብዕሬን በትንፋሼ አሞቅሁ፣ ቀለሙ ቀዝቅዞ ነበር፣
በትንንሽ ፊደል ጻፍሁ፣ እንዳያልፍ ከመስመሩ ዳር፦
«አዎ። አንድ መለኪያ አረቄ። የሰጠው፦ አስረስ እንየው።»

ከገጹ ግርጌ ደግሞ፣ ፊርማ ከሚደረግበት፣
«ናሙናውን የወሰደው» የሚል አለ፣ ስም የሚጻፍበት።
እዚያም፣ አስረስ እንየው።